የሞተ አውሬ በልጅ እጅ፦ በሽታው እንዴት ይሻገራል?

በመቀሌው የእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ሽቅብ ቁልቁል ሲል የሚውል ልጅ፣ አንድ ቀን የሞተ ሽኮኮ ወይም መንገድ ዳር የወደቀ ወፍ ማግኘቱ አይቀርም። ጎንበስ ብሎ በእንጨት ይነካካዋል፤ ቀጥሎ እጁን ይሰዳል። ወላጅ ይተወው ወይስ ይቆጣው? ለመወሰን በሽታው የሚሻገርበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል።

በየት በኩል ይገባል?

ያልቆሰለ ቆዳ ብዙ ተሕዋስያንን ያግዳል። የልጅ እጅ ግን ጭረት አያጣም፤ በዚያ ላይ ሳይታጠብ ዓይን ያሻል፣ አፍ ውስጥ ይገባል። የእንስሳው ገላ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ቁንጫው ሌላ ሞቃት ገላ ፍለጋ ይወጣል። ያን ጊዜ በቅርብ የሚያገኘው ልጁን ነው።

ከሁሉ የሚከፉት

አባ ሰንጋን የሚያመጣው ባክቴሪያ ከበድኑ በሚፈስ ደም ወጥቶ አየር ሲያገኝ፣ ስፖር የሚባል ጠንካራ ቅርጽ ይይዛል፤ አፈር ውስጥም ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። በድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫው ወይም ከአፉ የማይረጋ ጥቁር ደም የሚወጣው እንስሳ አይነካም፣ አይገፈፍም፤ ለእንስሳት ሐኪም ይነገራል።

የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ምራቅና አንጎል ውስጥ ይገኛል። በቁስል ከገባ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ምልክት አያሳይም። ምልክቱ ከጀመረ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቀበሮ፣ ጅብና የሌሊት ወፍ ሞተው ሲገኙ ጥንቃቄው ይበልጥ ይጥበቅ።

በድኑን ማን ያንሣው?

መቀሌ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ጽዳተኛ አላት። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት የከተማዋ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል በድን እንደሚበሉ ገምቷል። ይህም በዓመት 5 ሰዎችንና 140 ከብት፣ በግና ፍየሎችን ከአባ ሰንጋና ከከብት ሳንባ ነቀርሳ ሊያድን እንደሚችል አስልቷል። የጅብ ጨጓራ አሲድ አጥንት ያሟሟል። ልጅ እንዲህ ያለ መከላከያ የለውም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

መንካት ይከልከል፤ ማየት ግን አይከልከል። «ና ልጄ፣ አብረን እንየው፤ እጃችን ግን ኪሳችን ውስጥ ይሁን» ይበሉት። ከሁለት እርምጃ ርቀት የሽኮኮውን ሹል የፊት ጥርሶች ያሳዩት፤ የዝሆን የሩቅ ዘመድ መሆኑንም ይንገሩት። ጉንዳኖቹ ከየት እንደመጡ ይጠይቁት። ልጅ ስለ ሞትና ስለ ሕይወት የሚማረው እንዲህ ካለ ጨዋታ ነው።

ነክቶ ቢገኝ ግን አይግረፉት። ዱላ የፈራ ልጅ ይደብቃል፤ የደበቀው ልጅ ደግሞ መዳኛውን ጊዜ ያጣል። እጁን ወዲያው በሳሙና ያሳጥቡት። ጭረት ካለው፣ ወይም የእንስሳው ምራቅ ዓይኑን ወይም አፉን ከነካው፣ ቦታውን በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥበው (ቁስሉን በሳሙና፣ ዓይንና አፍን በውኃ ብቻ) በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በጊዜ ከተሰጠ ያድናል። በጊዜ የሚሰጠው ግን ልጁ «ነክቻለሁ» ለማለት ካልፈራ ነው።