«ትናንት ለምን ቀረህ?»

የሰፈር አሰልጣኝን የማያውቅ የለም። ፊሽካ አንገቱ ላይ አለ፤ ኳሶቹ ከልጆቹ ያንሳሉ፤ ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው። ብዙውን ጊዜ ደሞዝ የለውም፣ እንጀራው ሌላ ቦታ ነው። ልጆቹ «ኮች» ይሉታል።

እኔ ማውራት የምፈልገው ስለ ደብተሩ ነው።

ከቤቴ በታች ባለው ሜዳ የሚያሠለጥን አንድ ኮች አለ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ጤዛው ሳይደርቅ፣ ልምምድ የሚጀመረው በስም ጥሪ ነው። ለመጣ ራይት፣ ለቀረ ኤክስ። ከኤክሱ አጠገብ በእስክሪብቶ የተሰመረች ጠባብ ቦታ አለች። አንድ ቀን አስፈቅጄ ገለጥኩት። «እናቱ ታማ»፣ «ጫማው ተቀደደ»፣ «ሊስትሮ ጀመረ»፣ «ቤት ለቀቁ፣ የት እንደገቡ ይጠየቅ» ይላል። ከዳር እስከ ዳር ስለ ኳስ አንዲት ቃል አላገኘሁበትም።

ይህችን ጠባብ ቦታ አብዛኛው ሰው አያያትም። ክፍሉ በተጨናነቀበት ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ቢቀር ላይታወቅ ይችላል። ሥራ ፍለጋ ማልዶ የሚወጣ ወላጅም ልጁ የት እንደዋለ የሚያውቀው ማታ ነው። ሜዳ ላይ ግን የግራ ተመላላሹ ሲጎድል በግራ በኩል በሩ ወለል ይላል፤ የስምንት ዓመቱ ታዳጊ ሳይቀር «እሱስ?» ብሎ ይጠይቃል። ስፖርት ለድሃ ልጅ የሚሰጠው አንዱ ትልቅ ነገር ይህ ነው፤ ቦታ ይሰጠዋል፣ ቦታው ባዶ ሲሆን ደግሞ ይታያል። በማግስቱ «ትናንት ለምን ቀረህ?» የሚለው አዋቂ ያለው ልጅ ብዙ አይደለም።

ስለዚህ «እስካሁን ስንት ልጅ ለክለብ አበቃህ?» የሚል ጥያቄ ስሰማ እናደዳለሁ። ምሳሌ ሲጠሩም በቆጂን ይጠራሉ። በእርግጥ ስንታየሁ እሸቱ በዚያች የአርሲ ከተማ የአንደኛ ደረጃ የስፖርት መምህር ነበሩ፤ በ1984 ዓ.ም ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያጠለቀችው ደራርቱ ቱሉ፣ ከዚያም ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በእጃቸው አልፈዋል። «አየሩ ነው» የሚለውን አልቀበልም። ደብረ ብርሃንም እንደ በቆጂ 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፤ አየር ብቻውን ቢበቃ ኖሮ ሁለቱ ከተሞች በእኩል ይወሩ ነበር። ግን ከእነዚህ አራት ስሞች ጀርባ፣ በዚያው ሜዳ ሮጠው ሜዳሊያ ሳይነኩ ሰው የሆኑ ስንት ልጆች አሉ! የስንታየሁን ሥራ ስመዝን እነሱንም እቆጥራለሁ።

እግረ መንገዴን ወላጆችን ልቆጣ። ልጁ በፈተና ሲወድቅ መጀመሪያ የሚከለከለው ልምምድ ነው። እባካችሁ፣ ከመከልከላችሁ በፊት ኮቹን አናግሩት፤ «ካላጠናህ ቅዳሜ አትሰለፍም» የምትለው ቃል ከእሱ አፍ ስትወጣ ከዱላ ትበልጣለች። ማልያ አድላችሁ ፎቶ ተነስታችሁ የምትሄዱም፣ ማልያው መልካም ነው፤ ነገር ግን ያ ሰው ሜዳ የሚደርሰው በራሱ የታክሲ ሂሳብ መሆኑን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ልጅ የሚሰድብና የሚመታ አሰልጣኝም አለ። እሱን ኮች ብዬ አልጠራውም።

ባለፈው ክረምት የግራ ተመላላሹ ሦስት ቀን ተከታትሎ ቀረ። ኮቹ ከልምምድ በኋላ ወደ ቤታቸው ሲወርድ ተከተልኩት። እናትየው ጉሊት ቸርቻሪ ናቸው፤ እግራቸውን የፈላ ውሃ አቃጥሏቸው ተኝተዋል።

«እትዬ፣ እግዜር ይማርዎት። ልጁ ጠፋብኝ ብዬ ነው።»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ሌሊት ወጥቶ ሽንኩርትና ቲማቲሙን የሚያመጣልኝ እሱ ነው። ጠዋት አይደርስላችሁም።»

ኮቹ ስለ ጨዋታ አላነሳም። ቁስሉን ማን እያጠበላቸው እንደሆነ ጠየቀ፤ ጎረቤት መሆኗን ሰምቶ ስሟን ደብተሩ ላይ ጻፈ።

በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ሜዳው ጭር ብሎ አገኘሁት። የሁሉም ልምምድ ወደ ከሰዓት 10 ሰዓት ዞሮ ነበር።