ማጭበርበርን ከመዝገብ ጉድለት መለየት፦ የኒው ዮርክ የሜዲኬይድ ኢንስፔክተር ጄኔራል ጽሕፈት ቤት ልምድ

መግቢያ

የሕክምና ወጪን መንግሥት ወይም የጤና መድህን በሚሸፍንበት አገር ሁሉ፣ ገንዘቡ ለታለመለት ዓላማ መዋሉን የሚከታተል አካል ያስፈልጋል። ላልተሰጠ አገልግሎት የተከፈለ ገንዘብ ከሌላ ሕመምተኛ የተነጠቀ ነውና። ይሁን እንጂ የተቆጣጣሪው አካል አሠራር ራሱ ሲዛባ፣ ጉዳቱ ተመልሶ የሚያርፈው በዚያው ሕመምተኛ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ በአሜሪካ የኒው ዮርክ ግዛት የሜዲኬይድ ኢንስፔክተር ጄኔራል ጽሕፈት ቤት እንዴት እንደ ተቋቋመ፣ ቅሬታ ለምን እንደ ተነሣበትና ማሻሻያው በምን ላይ ማተኮር እንዳለበት ለማብራራት ይሞክራል። ዓ.ም. ተብለው ካልተጠቀሱ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጽሕፈት ቤቱ አመሠራረት

ሜዲኬይድ በ1965 በወጣ ሕግ የተቋቋመ፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ሰዎች የሕክምና ወጪ የሚሸፍን መርሐ ግብር ነው። ወጪውን የፌዴራሉ መንግሥትና ግዛቶች ይጋራሉ። በኒው ዮርክ የመርሐ ግብሩ ወጪ በ2005 በዓመት ከ44 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ባወጣቸው ተከታታይ ዘገባዎች፣ አንዲት የጥርስ ሐኪም በአንድ ቀን እስከ 991 ለሚደርሱ የሕክምና ተግባራት ክፍያ መጠየቃቸውን አጋለጠ። እንዲህ ያለ ቁጥር ሳይጣራ ማለፉ የቁጥጥሩን መላላት በግልጽ ያሳየ ነበር።

ከዚህም የተነሣ በ2006 በወጣ ሕግ፣ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ተበታትኖ የነበረው የቁጥጥር ሥራ በአንድ ጽሕፈት ቤት ሥር እንዲሰባሰብ ተደረገ። ጽሕፈት ቤቱ በአደረጃጀት በግዛቱ የጤና መምሪያ ውስጥ ቢሆንም፣ ኃላፊውን የሚሾመው የግዛቱ ገዥ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ስምምነት ነው። ወንጀል ነክ ጉዳዮችን ደግሞ ለጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ያስተላልፋል።

የችግሩ ምንጭ

የፌዴራሉ መንግሥት በ2006 ለግዛቱ የጤና ማሻሻያ በአምስት ዓመት እስከ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ለመስጠት ሲስማማ፣ ከቅድመ ሁኔታዎቹ አንዱ ያለአግባብ የተከፈለን ገንዘብ የማስመለስ ግብ ነበር። ግቡ በ2008 ከነበረው 215 ሚሊዮን ዶላር ተነሥቶ በ2011 ወደ 644 ሚሊዮን ዶላር ከፍ እንዲል ተወሰነ። ሐሳቡ በጎ ነው፤ ነገር ግን የአንድ ተቆጣጣሪ ብቃት በሚሰበስበው ገንዘብ ልክ ሲመዘን፣ ተደብቆ ከሚሠራው አጭበርባሪ ይልቅ በሩ ክፍት የሆነውና መዝገቡ ያልተሟላው ጤና ተቋም ቀላል ዒላማ ይሆናል።

በፌዴራሉ ደንብ መሠረት ማጭበርበር ማለት ያልተገባ ጥቅም ለማግኘት አውቆ ማታለል ነው። ስለሆነም ፊርማ የጎደለው ወይም ቀኑ በተሳሳተ ቦታ የተጻፈ የሕመምተኛ ካርድ በራሱ ማጭበርበር አይደለም። ሆኖም ሁለቱም በአንድ ኦዲት ውስጥ ገንዘብ ሊያስመልሱ ይችላሉ።

የስሌቱን ክብደት ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ኦዲተሩ ከ50,000 የክፍያ መጠየቂያዎች መካከል 100 በናሙናነት መርጦ በአምስቱ ላይ ጉድለት አገኘ እንበል። እያንዳንዳቸው 60 ዶላር የተከፈለባቸው ከሆኑ፣ የተገኘው ጉድለት 300 ዶላር፣ ማለትም በአማካይ በአንድ መጠየቂያ 3 ዶላር ነው። ይህ አማካይ በጠቅላላው ቁጥር ሲባዛ ግን ተጠያቂው ዕዳ 150,000 ዶላር ይሆናል። ዘዴው በስታትስቲክስ ረገድ ትክክል ነው፤ ኦዲተሩም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ካርዶችን አንድ በአንድ ሊያነብ አይችልም። ጥያቄው አምስቱ ጉድለቶች ምን ዓይነት ናቸው የሚለው ነው። አገልግሎቱ ሳይሰጥ ቀርቶ ከሆነ ማባዛቱ ተገቢ ነው። አገልግሎቱ ተሰጥቶ የጎደለው ፊርማ ብቻ ከሆነ ግን፣ የተባዛው የጽሕፈት ጉድለት ነው።

በተጨማሪም ተቋሙ ያለ ክርክር ከተስማማ ዝቅተኛውን ግምት እንዲከፍል፣ ይግባኝ ካለ ግን በአማካዩ የተሰላውን ከፍተኛ መጠን እንዲጠየቅ የሚያደርግ አሠራር አለ። ስለዚህ አነስተኛ ክሊኒክ ንጹሕ ነኝ ብሎ ቢያምን እንኳ ከመከራከር ይልቅ መክፈልን ሊመርጥ ይችላል።

ሕመምተኛው ላይ የሚደርሰው

የቁጥጥር ስህተት እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል በሌላ ግዛት፣ በኒው ሜክሲኮ፣ ታይቷል። በ2013 የግዛቱ መንግሥት በኦዲት ውጤት ላይ ተመሥርቶ ለ15 የአእምሮ ጤናና የሱስ ሕክምና ተቋማት የሚከፈለውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ አገደ። በናሙና ስሌት ተጠያቂ የተደረጉበት ገንዘብ 36 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። በርካታዎቹ ተቋማት ሥራቸውን ከአሪዞና ለመጡ ድርጅቶች አስረከቡ፤ ሕመምተኞችም ከሚያውቋቸው ባለሙያዎች ተለያዩ። የጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ጽሕፈት ቤት ምርመራ በ2016 ሲጠናቀቅ ግን ማጭበርበር አልተገኘባቸውም። በአእምሮ ሕክምና የተቋረጠ ክትትል ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባብያን ማስረዳት አያሻም።

ማሻሻያው በምን ላይ ያተኩር?

በኒው ዮርክ በ2022 ሁለቱም ምክር ቤቶች የኦዲት አሠራሩን የሚያሻሽል ረቂቅ ቢያጸድቁም፣ ገዥዋ ካቲ ሆኩል አልፈረሙበትም። በእርግጥ የግዛቱ እጅ ሙሉ በሙሉ ነጻ አይደለም፤ ያለአግባብ የተከፈለ ገንዘብ መነሻው ማታለልም ሆነ ስህተት፣ የፌዴራሉ ድርሻ እንዲመለስ ሕጉ ያስገድዳል። ይህንን ከግምት በማስገባት፣ በዚህ ጸሐፊ እምነት የሚከተሉት ነጥቦች ሊተኮርባቸው ይገባል።

አንደኛ፣ የጽሕፈት ቤቱ ሥራ በተሰበሰበው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በይግባኝ በጸኑ ውሳኔዎችና ቀድሞ በተከለከለ ብክነት ጭምር ይመዘን። ሁለተኛ፣ አገልግሎቱ መሰጠቱ ከተረጋገጠ የመዝገብ ጉድለት እንዲታረም ዕድል ይሰጥ እንጂ በጠቅላላው ላይ አይባዛ። ሦስተኛ፣ ተቋሙ የሚዳኘው አገልግሎቱ በተሰጠበት ጊዜ በነበረው መመሪያ ይሁን። አራተኛ፣ የሕክምና አስፈላጊነትን የሚመለከት ውሳኔ በሙያው የሠለጠነ ሐኪም ሳያየው አይሰጥ። አምስተኛ፣ ክፍያ ከመታገዱ በፊት የሕመምተኞቹ ክትትል በማን እንደሚቀጥል ይታወቅ።

ማጠቃለያ

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአገራችን ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ደረጃ ተጀምሮ ተስፋፍቷል። ጤና ተቋማት ክፍያ የሚጠይቁት ካርድ ላይ በሰፈረው መረጃ ነው፤ ኦዲተሩም የሚያነበው ይህንኑ ካርድ ነው። የኒው ዮርክ ልምድ የሚያስተምረን ሁለት ነገር ነው፦ ቁጥጥሩ ሳይጠነክር ቢቀር የድሃው ገንዘብ እንደሚባክን፣ ያለ ፍትሕ ቢጠነክር ደግሞ ድሃው የሚታከምበት ተቋም እንደሚዳከም። ስለሆነም የኦዲት መመሪያዎች በሚዘጋጁበት ጊዜ የሕክምና ባለሙያው ድምፅ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሊሰማ፣ ባለሙያውም በበኩሉ የሠራውን ሁሉ በዕለቱ በካርዱ ላይ ሊያሰፍር ይገባል።