ከሱሉልታ እስከ ሺንጁኩ፦ የኢትዮጵያ ወጣቶች በጃፓን ትልልቅ ከተሞች

ከሱሉልታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሰበታ ተነስቶ ጃፓንን ለሚያይ ወጣት እስከ ዛሬ በሰፊው የተከፈቱት በሮች ሁለት ናቸው፤ ሩጫና ትምህርት። ለሽርሽር ብሎ የሚሄድ ጥቂት ነው። ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ ጃፓን አይገባም። የትኬቱ ዋጋ፣ የማደሪያው ወጪና ኤምባሲ የሚጠይቀው ማስረጃ ሲደመሩ ለደመወዝተኛ ልጅ ሸክሙ ቀላል አይደለም።

ሯጩ ግን ይሄዳል። የሩጫውን በር የከፈተው አበበ ቢቂላ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ የኦሊምፒኩን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ ሲያሸንፍ፣ ከዚያ በፊት ርቀቱን እንደዚያ ፈጥኖ የሮጠ አልነበረም። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው አበበ በዚህኛው ጫማ አድርጓል፤ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገም ስድስት ሳምንት አልሞላውም ነበር። ቶኪዮን ከኦሳካ ያገናኘው የመጀመሪያው ፈጣን ባቡር፣ ሺንካንሰን፣ ሥራ የጀመረውም ከዚያ ድል 20 ቀን ቀደም ብሎ ነው። ዛሬ ፈጣኑ ባቡር ያን መንገድ በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨርሰዋል።

ከአበበ ወዲህ ጃፓን የኢትዮጵያ ሯጮች ሁለተኛ ሜዳ ሆናለች ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ገዛኸኝ አበራ የፉኩኦካን ማራቶን ሦስት ጊዜ አሸንፏል። ቀነኒሳ በቀለ በዚያችው ፉኩኦካ በ1998 ዓ.ም. የዓለም አገር አቋራጭን አጭሩንም ረጅሙንም ውድድር ወሰደ። በ1999 ዓ.ም. ክረምት ኦሳካ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ቀነኒሳና ጥሩነሽ ዲባባ በ10 ሺህ፣ መሠረት ደፋር በ5 ሺህ ሜትር ወርቅ አጠለቁ። ሰለሞን ባረጋ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ አመጣ። ማራቶኑ ግን ሙቀቱ ተፈርቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሳፖሮ ተዛውሮ ነበር። ጥር 2016 ዓ.ም. በኦሳካ የሴቶች ማራቶን ወርቅነሽ ኢዴሳ ስታሸንፍ፣ በ8 ሰከንድ የተቀደመችው ጃፓናዊት ሆናሚ ማየዳ ለ19 ዓመት የቆየውን የአገሯን ክብረ ወሰን ሰበረች። ጃፓኖች ያን ቀን የሚያስታውሱት በሁለተኛዋ ነው፤ እኛ በአንደኛዋ።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች የሚካሄደው ልምምድ አለ። ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። አትሌቶች ቀን እየለዩ አንዴ ሰበታ፣ አንዴ ሰንዳፋ፣ አንዴ ሱሉልታ ይለማመዳሉ። ከእንጦጦ ጀርባ የተዘረጋው የሱሉልታ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ነው። ቀነኒሳ የመሮጫ ትራኩን የሠራውም እዚያው ነው። ከዚህ አየር የወረደ ሯጭ ባሕር ዳር ያለችው ቶኪዮ ሲደርስ ሳንባው ይደሰታል።

የቶኪዮ ማራቶን ራሱ እንደ አስጎብኚ ነው። ሺንጁኩ ካለው የከተማው አስተዳደር ሕንፃ ተነስቶ አሳኩሳንና ጊንዛን እያሳየ ቶኪዮ ጣቢያ አጠገብ ያበቃል። ብርሃኑ ለገሰ በ2011 እና በ2012 ዓ.ም.፣ ሱቱሜ አሰፋ በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ያሸነፉት እዚህ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚበር ሰው ከተማ አይጎበኝም፤ ያልፋታል እንጂ። ያን መነሻ ሕንፃ ተረጋግቶ የሚያየው ተማሪው ነው። 45ኛ ፎቅ ላይ ያለው መመልከቻ 202 ሜትር ከፍታ አለው፤ መግቢያውም በነፃ ነው።

ለወጣት እንግዳ የቶኪዮ ቁልፍ ባቡር ነው። ያማኖቴ የሚባለው መስመር ከተማዋን ክብ ሠርቶ 30 ጣቢያዎችን ያካልላል፤ ርዝመቱ 34.5 ኪሎ ሜትር ሲሆን ዙሩን በአንድ ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለቱም መስመሮች ተደምረው ከዚህ አይበልጡም። ከሱሉልታ ሰበታ ለመድረስ ታክሲ እየለዋወጠ አዲስ አበባን ማቋረጥ ለለመደ ልጅ ይህ ክብ መስመር ያስቀናል። ሺንጁኩ ጣቢያ ብቻውን በቀን ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሰው ያስተናግዳል። ባቡሩ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ይቆማል፤ ያመለጠው ወይ ውድ ታክሲ ይይዛል፣ ወይ ካፕሱል ሆቴል ያድራል። ሰው ተኝቶ ብቻ የሚያድርበት ይህ ጠባብ ክፍል የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. ኦሳካ ውስጥ ነው።

አብዛኞቹ የጃፓን መንገዶች ስም የላቸውም፤ አድራሻ የሚጻፈው በሠፈርና በብሎክ ቁጥር ነው። ቤቱን በቤተ ክርስቲያንና በሆቴል ምልክት ሲያመላክት ያደገ ሰው አይደነግጥም። ግራ ከገባውም በየሠፈሩ ኮባን የሚባል የፖሊስ ጣቢያ አለ፤ መንገድ ማሳየት አንዱ ሥራው ነው። ዘመን አቆጣጠርም አያደናግረውም፤ ጃፓኖችም በይፋዊ ሰነዶቻቸው ላይ የንጉሠ ነገሥታቸውን ዘመን ይቆጥራሉ። ከባዱ ነገር ጾም ነው። አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባ ዳሺ በሚሉት የዓሣ መረቅ የተሠራ ይሆናል፤ ስለዚህ ጾመኛ ከማዘዙ በፊት መጠየቅ አለበት።

የሁለተኛው በር፣ የትምህርቱ፣ መነሻ ከሩጫው ይቀድማል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። አብሯቸው የነበረው ወጣቱ ልጅ አርአያ አበበ በአገሪቱ ተማርኮ ጃፓናዊት ሊያገባ ፈለገ። ኩሮዳ ማሳኮ የምትባል የመሳፍንት ልጅም ታጨችለት፤ ጋብቻው ግን ሳይፈጸም ቀረ። የጣሊያን እጅ አለበት የሚል ወሬ ያኔ በሰፊው ተናፍሷል።

ዛሬ ወጣቱ ለትምህርት የሚሄድበት አንዱ መንገድ የጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው፤ የአፍሪካ ወጣቶችን ለማስተርስና ለኩባንያ ልምምድ የሚወስደው ኤቢኢ ኢኒሼቲቭም አለ። ካይዘን (ተከታታይ መሻሻል) የሚለውን ቃል በፋብሪካ ግድግዳ ላይ ያነበበ የሰበታ ልጅ ምንጩን እዚያ ያገኘዋል። አገር ሲናፍቀው ወደ ካጹሺካ ይወርዳል፤ በምሥራቅ ቶኪዮ ያለው ይህ ወረዳ በኢትዮጵያውያን ነዋሪዎቹ ይታወቃል፤ ዮጹጊ ጣቢያ አካባቢ ሊትል ኢትዮጵያ የሚባል ምግብ ቤትም አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ናሪታ ይበራል።

በዚህ በር መግባት የሚፈልግ የቡራዩ ወይም የሱሉልታ ተማሪ ደላላ አያስፈልገውም። የስኮላርሺፑን ማስታወቂያ የሚያወጣው አዲስ አበባ ያለው የጃፓን ኤምባሲ ራሱ ነው፤ ለማመልከትም ገንዘብ አይከፈልም።