ለውጭ ሰው የሚሰጥ የሰነድ ማከማቻ ቁልፍ

የንግድ ሥራ በዕቃው ጉድለት ብቻ ሳይሆን በወረቀቱ መዘግየትም ይሰናከላል። ከቦዲቲ፣ ከአረካና ከገሱባ ተሰብስቦ ወላይታ ሶዶ መጋዘን የገባ ዝንጅብል ወይም ቦሎቄ ተጭኖ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ የሽያጭ ውሉ፣ የዋጋ ደረሰኙና የዕቃው ዝርዝር አብረው ካልደረሱ መኪናው ቆሞ ይውላል፤ የቆመበትንም ኪራይ የሚከፍለው ነጋዴው ነው።

ስለዚህ ብዙ የንግድ ቤቶች ሰነዱን በስልክ ፎቶግራፍ አንሥተው በቴሌግራም መላክን ልማድ አድርገዋል። ፍጥነቱ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የተባለው ተረት ለዛሬው ሰነድ አይሠራም፤ በስልክ የተላከ ወረቀት ከአንዱ ወደ አንዱ እየተባዛ ማን እጅ እንደ ገባ ሳይታወቅ ይቀራልና። አንድ አታላይ የዋጋውን ደረሰኝ አግኝቶ የባንኩን ሒሳብ ቁጥር ብቻ ቢለውጥና ለገዢው ቢልክ፣ ማኅተሙም ፊርማውም የታወቀ ስለ ሆነ ገዢው ሳይጠራጠር ለአታላዩ ይከፍላል። ሻጩም ዕቃውን አስረክቦ ባዶ እጁን ይቀራል። ይህ ዓይነቱ ማጭበርበር በዓለም የንግድ ቤቶች ዘንድ የታወቀ ነው።

ከዚህ የሚሻለው መንገድ ሰነዱን በክላውድ ማከማቻ አኑሮ፣ ለሚመለከተው ሰው ብቻ በር መክፈት ነው። ክላውድ ማለት ደመና ይባል እንጂ በሰማይ ያለ ነገር አይደለም፤ በአንድ ኩባንያ ታላላቅ ኮምፒውተሮች ላይ የተከራዩት መጋዘን ነው። ወደዚህም መጋዘን የጉምሩክ አስተላላፊው፣ የውጭ ኦዲተሩና ገዢው እየገቡ ሰነድ ያስቀምጣሉ፤ ያነሣሉም።

ፋይል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚተላለፍበትን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. የጻፈው አብሃይ ቡሻን ነው። በዚያ ሥርዓት የይለፍ ቃሉም ጽሑፉም ሳይመሰጠር በመስመሩ ያልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. በፊንላንድ በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የይለፍ ቃሎች በመስመሩ ላይ ስለ ተሰረቁ፣ ታቱ ዩሎነን የተመሰጠረ መገናኛ ሠራ። ዛሬ ኤስ ኤፍ ቲ ፒ የሚባለው የፋይል ማስተላለፊያ በዚሁ ላይ የቆመ ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2018፣ ማይክሮሶፍትም በ2022 ዓ.ም. ለክላውድ ማከማቻዎቻቸው ይህን በር ከፍተዋል።

አሠራሩ ከጓጉንቸር ጋር ይመሳሰላል። የውጭው ሰው በራሱ ኮምፒውተር ሁለት የተጣመሩ ቁልፎች ያዘጋጃል። አንደኛው እንደ ጓጉንቸር ለማንም ቢሰጥ ጉዳት የለውም፤ ለማከማቻው ባለቤት የሚላከውም እርሱ ነው። ሁለተኛው መክፈቻው ሲሆን ከባለቤቱ እጅ ፈጽሞ አይወጣም። መብራት ወይም ኔትወርክ ቢቋረጥም፣ ብዙዎቹ የኤስ ኤፍ ቲ ፒ ፕሮግራሞች የተጀመረውን ፋይል ካቆመበት ያስቀጥላሉ።

ሆኖም በሩ ጠንካራ መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ የቤቱ ሥርዓት ሊጠበቅ ይገባል። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በየስሙ መግቢያ ይሰጠው፤ አንድ ቁልፍ ለብዙ ሰው አይሁን። ሁለተኛ፣ አስተላላፊው የጭነቱን ሰነድ ብቻ ይይ፤ ኦዲተሩም ያንብብ እንጂ አይሰርዝ። ሦስተኛ፣ ውሉ ባለቀበት ቀን መግቢያው ይዘጋ። አራተኛ፣ መጋዘን በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ እንደሚመዘግብ ሁሉ፣ ማን መቼ ምን እንዳስገባና እንዳወጣ የሚያሳየው መዝገብ ይከፈት፤ በየጊዜውም ይነበብ። አምስተኛ፣ ርክክቡ ያለቀ ሰነድ ከመተላለፊያው ይነሣ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ዓ.ም. ሙቭኢት በተባለው የፋይል ማስተላለፊያ ፕሮግራም ላይ በተገኘ ቀዳዳ ሌቦች ገብተው ከ2000 በላይ የሆኑ ድርጅቶችን ሰነድ ወስደዋል። በመተላለፊያው ያልተከማቸ ሰነድ ግን ከዚያ ሊሰረቅ አይችልም።

የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተለወጠ የሚል ደብዳቤ ከመጣ ግን ማንኛውም ቁልፍ አይተካውም፤ አስቀድሞ በሚታወቀው ስልክ ደውሎ በቃል ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በወር አንድ ሁለት ሰነድ ብቻ የሚልክ አነስተኛ ነጋዴ ይህን ሁሉ ወጪ ማውጣት አይገባውም። የማብቂያ ቀንና የይለፍ ቃል ያለው ሊንክ ይበቃዋል፤ ሊንኩን በኢሜይል፣ የይለፍ ቃሉን ግን በስልክ ይንገር።

ሕጉም ለዚህ አሠራር ቦታ ሰጥቷል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ሰነድ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለ ተዘጋጀ ብቻ ዋጋ እንዳያጣ ይጠብቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎች የግል መረጃ ከአገር ውጭ የሚተላለፍበትን ሁኔታ ይወስናል። የሠራተኛና የደንበኛ መታወቂያ ቅጂ በማከማቻው የሚያኖር ነጋዴ፣ ኩባንያው ያንን በየትኛው አገር እንደሚያስቀምጠው አስቀድሞ ይጠይቅ።

ሶዶ በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። ከሩቅ አገር ገዢ ጋር የሚዋዋል ነጋዴ በታማኝነቱ የሚታወቀው በዕቃው ጥራት ብቻ ሳይሆን በሰነዱም አያያዝ ነው። እንግዲህ ሰኔ 30 የዕቃ ቆጠራ ሲደረግ የቁልፍ ቆጠራም አብሮ ይደረግ፤ ማን ገብቶ እንደሚያይ ይጻፍ፤ ሥራው ያለቀውም ሰው መግቢያ በዚያው ቀን ይዘጋ።