ያውቁ ኖሯል? ጡንቻ ይስባል እንጂ አይገፋም

ከአጥንት ጋር ተያይዘው የሚያንቀሳቅሱን ጡንቻዎች ከ600 በላይ ናቸው። ከአዋቂ ሰው ክብደት 40 በመቶ ገደማውን የሚይዙትም እነሱ ናቸው።

ጡንቻ መሳብ እንጂ መግፋት እንደማይችልስ ያውቁ ኖሯል? በር ሲገፉ እንኳ ከክንድዎ በስተጀርባ ያለው ጡንቻ አጥሮ ክርንዎን ይዘረጋዋል። ክንድዎን ሲያጥፉ ተራው የፊተኛው ነው፤ ያን ጊዜ የኋለኛው ይላላል።

ከሁሉም ትንሿ ጡንቻ ያለችው ጆሮ ውስጥ ነው፤ ርዝመቷ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ኃይለኛ ድምፅ ሲመጣ ትንሿን የጆሮ አጥንት ሳብ አድርጋ ንዝረቱን ታበርዳለች። ትልቁ ጡንቻ የምንቀመጥበት ነው።

የጡንቻ ሕዋስ ቀጭንና ረዥም ነው፤ አብዛኞቹ ሕዋሶቻችን አንድ ኑክሊየስ ሲኖራቸው እሱ ግን ብዙ አለው። በውስጡ አክቲንና ማዮሲን የሚባሉ የፕሮቲን ክሮች ተደርድረዋል። ጡንቻ ሲኮማተር ክሮቹ ራሳቸው አያጥሩም፤ አንዱ በሌላው ጎን ይንሸራተታል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1954 ሁለት ቡድኖች ለየብቻቸው አሳተሙ። በአንዱ አንድሩ ሃክስሊ፣ በሌላው ሂዩ ሃክስሊ ነበሩበት፤ ስማቸው ቢገጥምም ዝምድና የላቸውም።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የሚከተለው ነው። ማዮሲን የያዘውን አክቲን ለመልቀቅ ኤቲፒ የተባለው የኃይል ምንጭ ያስፈልገዋል። የቅርጫ በሬ ታርዶ ቆዳው እንደተገፈፈ ሥጋው እዚህም እዚያም ሲርገበገብ አይተው ይሆናል። በሬው ቢሞትም በጡንቻው ውስጥ የተረፈ ኤቲፒ ስላለ ነው። ኤቲፒው ሲያልቅ ክሮቹ እንደተያያዙ ይቀራሉ፤ ሥጋውም ይደርቃል። የሰው አስከሬን ከሰዓታት በኋላ ደርቆ የሚገተረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እጅና እግሩን ቶሎ ማቃናት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የዶሮ እግር ሥጋ የጠቆረው፣ የደረቷ የነጣው ለምን ይመስልዎታል? እግሯ ቀኑን ሙሉ ስለሚሠራ ኦክስጅን የሚይዝ ማዮግሎቢን የተባለ ቀይ ፕሮቲን በብዛት አለው፤ ቶሎ አይደክምም። የደረቷ ጡንቻ ክንፏን ለአፍታ በኃይል ለማራገብ የተሠራ ነው፤ ፈጣን ነው፣ ግን ወዲያው ይዝላል። የታላላቅ ማራቶን ሯጮች የእግር ጡንቻ በአብዛኛው የመጀመሪያው ዓይነት ነው።

የጡንቻ ሥራ ማንቀሳቀስ ብቻ አይደለም፤ ብርድ ሲያንቀጠቅጥዎ ጡንቻዎችዎ ሙቀት እያመረቱ ነው።

ተራራ ወጥተው ከወረዱ በማግስቱ እግርን የሚያሳምመው ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ነው። ሲወርዱ የጭንዎ ጡንቻ ክብደትዎን ተሸክሞ እየተለጠጠ ስለሚሠራ ክሮቹ በጥቂቱ ይጎዳሉ። ብዙዎች በላክቲክ አሲድ ያመካኛሉ፤ እሱ ግን በሰዓት ውስጥ ከጡንቻው ይጠፋል።

ጡንቻ ካሠሩት በእርጅናም ይጠነክራል። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ 90 ዓመት ገደማ የሆናቸው ጥቂት ሰዎች ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት ሲያነሱ ጉልበታቸው በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። እኛ እናት አባታችን ብድግ ሊሉ ሲሉ «አይነሱ፣ እኔ አመጣለሁ» እንላለን፤ ከአክብሮት የመጣ ነው። ሐኪም ካልከለከላቸው ግን እባክዎ ይተዉዋቸው፤ ይነሱ፣ ይራመዱ፣ ቁጭ ብድግ ይበሉ፤ እርስዎ አጠገባቸው ይቁሙ።