አሸንዳ ስናጸዳ እንዳንበሰብስ

ጽሑፉ በእጃችሁ ያለ ሁሉ በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ። የዛሬው ርዕሳችን የአሸንዳ ጽዳት ነው። አ-ሸ-ን-ዳ።

አሸንዳ በቆርቆሮ ጣሪያ ጫፍ ላይ የሚታሰር የውሃ መውረጃ ነው። በበጋ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ አቧራና የወፍ ኩስ ይሞላዋል። ሰኔ ላይ ክረምቱ ሲገባ ውሃው መውረጃ ያጣና በግድግዳው ላይ ይፈሳል። ቤቱ የጭቃ ከሆነ ምርጉ ይረግፋል፤ ከሥሩ ያለው እንጨትም ይበሰብሳል። «ዝናቡ ራሱ ይጠርገዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። አይጠርገውም! ዝናብ ቅጠሉን አርሶ ጭቃ ያደርገዋል እንጂ።

ስለዚህ ግንቦት ላይ፣ ገና ደረቅ ሳለ፣ በእጅና በትንሽ መጥረጊያ አውጡት። አፍና አፍንጫችሁን በጨርቅ ሸፍኑ። ውሃ የሚያስፈልገው ለመጨረሻው እጥበት ብቻ ነው። ብዙ ሰው ግን መጀመሪያ የውሃ ጎማውን ይከፍታል። ያን ጊዜ ጭቃው ፊቱ ላይ ይረጫል፤ ሥራው ሳይጋመስ ሰውየው በስብሶ ይወርዳል።

ቢበሰብስስ ምን ይሆናል? ትሉ ይሆናል። ውሃ ከልብስ ላይ ሲተን የሰውነትን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ነፋስ ካለ ይብሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ እንዲህ ባለ ደጋ አገር እጅ ቶሎ ይደነዝዛል። የደነዘዘ እጅ ደግሞ መሰላል አጥብቆ አይዝም።

ከዚህ የሚከፋው ኤሌክትሪክ ነው። ወደ ቤታችን የሚገባው ኃይል 220 ቮልት ነው። ደረቅ ቆዳ በመጠኑም ቢሆን ይከላከላል፤ እርጥብ ቆዳ ግን ያሳልፈዋል። የቤቱን መብራት ከቆጣሪው አጠገብ አጥፉ። ልብ በሉ፤ ይህን ብታጠፉም ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለው ሽቦ ኃይል እንዳለው ነው። ሽቦው በአሸንዳው አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ በዚያ በኩል ውሃ አትርጩ፤ መሰላልም አታስጠጉ።

አሁን ወደ አለባበሱ እንምጣ። ቆርቆሮ እንዴት እንደሚመታ አይታችኋል? የላይኛው በታችኛው ላይ ይደረባል። ውሃውም ሳይገባ ተንሸራቶ ይወርዳል። ልብስም እንዲሁ ነው። የሱሪው እግር ከቦቲ ጫማው ውጭ ይውጣ፤ ወደ ውስጥ ከከተታችሁት ቦቲው ባልዲ ይሆናል። እጅጌ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ለምን? እጃችሁን ወደ ላይ ስታነሡ ውሃው ከጣታችሁ ወደ ክርናችሁ ይወርዳል። የላይኛው ጓንቱ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ጓንቱ በእጅጌው ላይ ይደረብ፤ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ እሰሩት። የላስቲክ ልብስ ለብሶ ያለ ዕረፍት የሚሠራ ሰው ከዝናብ ይልቅ በላቡ ይርሳል፤ በየመሀሉ አውልቁት።

መሰላሉን አሸንዳው ላይ አታስደግፉ፤ ይታጠፋል። ከፍታው 4 ሜትር ከሆነ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ። መሰላል የሚይዘውን ሰው አትርሱት፤ ከላይ የሚወርደው ሁሉ እሱ ላይ ነው። ቆብ ስጡት።

ውሃ ከመልቀቃችሁ በፊት የማውረጃውን ቱቦ በረጅም እንጨት ክፈቱ። ከተደፈነ አሸንዳው ሞልቶ እናንተው ላይ ይገለበጣል። ከዚያ ከሩቁ ጫፍ ጀምራችሁ ወደ ቱቦው እጠቡ። ነፋሱ ከጀርባችሁ ይሁን። በቱቦው አፍ ሥር ማንም አይቁም፤ በርሜልም ካለ ዘወር አድርጉት።

የብሎኬት ወይም የድንጋይ ግድግዳ ስታጥቡ ውሃውን ፊት ለፊት ሳይሆን አግድም ርጩ። ፊት ለፊት የተረጨ ውሃ ተመልሶ ወደ እናንተ ይመጣል። የጭቃ ግድግዳ ግን በደረቅ መጥረጊያ እንጂ በጎማ አይነካም።

ጎማውን ከመጠቅለላችሁ በፊት ቧንቧውን ዘግታችሁ በውስጡ የቀረውን ውሃ አፍስሱት። ያለዚያ መጨረሻ ላይ እግራችሁ ላይ ይፈሳል።