የዓይን ሐኪም አሠለጣጠንና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች

እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት መሠረት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር የነበረ ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በዓይን ሞራ፣ ማለትም በዓይን ሌንስ መደፍረስ ነው፤ ከ11 በመቶ በላይ የሚሆኑት ደግሞ የዓይን ማዝ በሚባለው በትራኮማ ነው። ከዚህ ጉዳት ከ80 በመቶ የሚበልጠው በሕክምና ወይም በመከላከል ሊቀር የሚችል በመሆኑ፣ የዓይን ሐኪም እንዴትና የት ይሠለጥናል የሚለው ጥያቄ በስምጥ ሸለቆ ያሉትን የአዳማን፣ የመቂን፣ የባቱን፣ የአርሲ ነገሌንና የሻሸመኔን ነዋሪ ሁሉ ይመለከታል።

የዓይን ሐኪም የሚሆን ሰው አስቀድሞ ከስድስት እስከ ሰባት ዓመት ተምሮ ጠቅላላ ሐኪም ይሆናል፤ ከዚያም የመግቢያ ፈተና አልፎ ለተጨማሪ ዓመታት በሬዚደንትነት፣ ማለትም በመምህራን ክትትል እያከመ በሚማር ሐኪምነት ይሠለጥናል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሬዚደንቶች በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሲማሩ፣ የጅማና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎችም ይህንኑ ሥልጠና ይሰጣሉ።

ሬዚደንቱ ዓይንን አጉልቶ በሚያሳየው ስሊት ላምፕ መመርመርን፣ በዓይን ውስጥ ያለውን ግፊት መለካትንና የስኳር ሕመም በዓይን ላይ ያደረሰውን ጉዳት መለየትን ይማራል። ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የሚወስደው ግን የእጅ ሥልጠናው ነው፤ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና በትንሽ ቀዳዳ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ መተካት ስለሆነ፣ ሠልጣኙ በእንስሳት ዓይን ላይ ከተለማመደ በኋላ የቀዶ ሕክምናውን ደረጃዎች አንድ በአንድ እየተረከበ፣ በመምህሩ ፊት ሙሉውን ወደ መሥራት ይደርሳል።

ሐኪሙ ብቻውን አይሠራም። ኦፕቶሜትሪስት የማየት አቅምን ለክቶ መነጽር ያዛል፤ የሠለጠኑ ነርሶች ደግሞ ትራኮማ ወደ ውስጥ ያዞረውንና የዓይንን ብሌን የሚፍቀውን ሽፋሽፍት በትንሽ ቀዶ ሕክምና ያስተካክላሉ። ውኃ በሚያጥርባቸው የስምጥ ሸለቆ ቀበሌዎች ፊትን መታጠብና የአካባቢ ንጽሕና የመከላከያው ግማሽ አካል በመሆናቸው፣ ሐኪሙ ቡድኑን መምራትንና ማኅበረሰቡን ማስተማርን ጭምር መማር ይኖርበታል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረው ቪዥን 2020 የተባለው ዓለም አቀፍ ዕቅድ በአፍሪካ ለ250,000 ሰው አንድ የዓይን ሐኪም እንዲኖር አልሞ የነበረ ቢሆንም፣ የኢትዮጵያ የዓይን ስፔሻሊስቶች በአብዛኛው በአዲስ አበባ ተሰባስበዋል። ሐኪም በሠለጠነበት አካባቢ ለመቅረት ስለሚያዘነብል፣ እንደ አዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ያሉ የአካባቢው ተቋማት ለዚህ ሥልጠና መምህር፣ መሣሪያና በቂ ቦታ ሊሰጣቸው ይገባል፤ የሻሸመኔ አዛውንት ሞራቸውን ለማስገፈፍ ወደ ዋና ከተማ መጓዝ የማይጠበቅባቸው የዓይን ሐኪሙ በአቅራቢያቸው ሲሠለጥንና በዚያው ሲሠራ ነው።